ክፍል አንድን አታባክኑብን

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፤

ሰላምታዬን አስቀድማለሁ። ሰሞኑን ከመጀመሪያው ክፍል ጀምሮ ከሶፋ አላስነሳ ስለሚሉ ተከታታይ ድራማዎች ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ጥሩ ምርጫ ነው። ግን ሁሉም የውጭ ናቸው። ስለ አገራችን ድራማ አንድ መስመር እንኳን የለም። ይሄ ነገር ከንክኖኝ ነው ብዕር ያነሳሁት።

ድራማ ተመልካቹን የሚይዘውም የሚያጣውም ክፍል አንድ ላይ ነው፤ የኛዎቹ ብዙ ጊዜ ያባክኑታል። ይሄን ከሥራዬ ነው የተማርኩት። ከ2001 እስከ 2008 ዓ.ም. ከ4 ኪሎ ወደ 5 ኪሎ በሚወስደው መንገድ፣ አንዲት ጠባብ ሱቅ ውስጥ ፊልም በፍላሽ እጭን ነበር። ያን ጊዜ ሰፈሩ በጋዜጣ ኪራይ ይታወቃል። ካፌ በር ላይ ተቀምጦ ጋዜጣ ተከራይቶ የሚያነብ ወጣት ማታ ወደ እኛ ይመጣል። የ4፣ የ5 እና የ6 ኪሎ ካምፓስ ተማሪዎች ደንበኞቻችን ነበሩ። የምንጭነው ሁሉ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ የተቀዳ ነው። የቅጂ መብት አዋጁ ከወጣ ዓመታት አልፈው ነበር። ትክክል አልነበረም፤ ዛሬም ትክክል ነው አልልም። የሱቁ ባለቤት አንድ ሕግ ብቻ ነበራቸው። የአማርኛ ፊልም አይጫንም። «የእነዚህ ልጆች እንጀራ ነው» ይሉ ነበር።

ሁለተኛው ትምህርታቸው ስለ ንግድ ነው። ሰው ግራ ገብቶት «ምን ይሻላል?» ካለ፣ ክፍል አንድን ብቻ ጫንለት ይላሉ። ከያዘው ነገ ራሱ ይመጣል። ካልያዘው ሃያውንም ብትጭንለት ፍላሹን አጥፍቶ ዘፈን ይሞላበታል። እውነታቸውን ነበር። ጠዋት ሱቅ ስከፍት በር ላይ ቆሞ የሚጠብቀኝ ሰው ካለ፣ ትናንት ምን እንደጫንኩለት ሳልጠይቅ አስታውሳለሁ።

አንዱን አልረሳቸውም። የሂሳብ መምህር ናቸው። ቲቸር ነበር የምንላቸው። ፊልም የሚጭኑት ለልጃቸው ነው፤ ለራሳቸው ዜና ይበቃቸዋል። አንድ ቀን «ለእኔም አንድ ነገር ስጠኝ» አሉ። ብሬኪንግ ባድ የሚባለውን የአሜሪካ ድራማ ክፍል አንድ ጫንኩላቸው።

ያላያችሁት ካላችሁ ታሪኩ እንዲህ ነው። ዋልተር ዋይት የሚባል የኬሚስትሪ አስተማሪ አለ። ሃምሳ ዓመቱን የሚይዝበት ሰሞን ነው። ደመወዙ አልበቃው ብሎ ከትምህርት ሰዓት በኋላ መኪና እጥበት ይሠራል። አንድ ቀን ተንበርክኮ የመኪና ጎማ ሲጠርግ የመኪናው ባለቤት የገዛ ተማሪው ሆኖ ይገኛል። ክፍል ውስጥ የሚረብሸው ያ ልጅ። አብራው ያለችው ልጅ ፎቶ ታነሳዋለች። ብዙም ሳይቆይ የሳንባ ካንሰር እንዳለበት ይነገረዋል።

ቲቸር በማግሥቱ ሱቁ ሳይከፈት ደረሱ። ቦርሳቸውን እንዳንጠለጠሉ ናቸው። «ተማሪው ነው እኮ» አሉኝ። ሰላምታ የለም፣ ምን የለም። «ጎማውን ሲያጥብለት የነበረው ተማሪው ነው እኮ!» ከዚያ የቀሩትን ስድስቱንም ጫንልኝ አሉ። የመጀመሪያው ሲዝን ሰባት ክፍል ብቻ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2008 ሲወጣ የአሜሪካ ደራሲዎች የሥራ ማቆም አድማ ላይ ስለነበሩ አጠረ። ኮፒው እስኪያልቅ ወንበር ብሰጣቸውም አልተቀመጡም።

ይሄን ነገር ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። ያ ክፍል ሲጀምር በረሃ ውስጥ በግልቢያ የሚበር መኪና አለ። የጋዝ ጭንብል ያጠለቀ፣ ሱሪ ያላደረገ ሰው ይነዳዋል። ሱሪው አየር ላይ ሲንሳፈፍ ይታያል። ሳይረን ይሰማል። ሰውየው ካሜራ አውጥቶ ለቤተሰቡ ይናዘዛል፤ ከዚያ ሽጉጥ ይዞ መንገድ ላይ ይቆማል። ሌላ ሰው ቢሆን የሚያወራው ስለዚህ ነው። ቲቸር ግን አንድ ቃል አልተናገሩም። እሳቸውን የያዛቸው ጎማው ነው።

ተማሪዎቹን ደግሞ የያዛቸው ፕሪዝን ብሬክ ነበር። አንድ መሐንዲስ ሆን ብሎ ባንክ ይዘርፋል፤ ወደ ጣሪያ ይተኩሳል፤ እንዲያዝ ይፈልጋል። ለምን? ወንድሙ ሞት ተፈርዶበት ያለበት እስር ቤት ለመግባት። ክፍሉ ሊያልቅ ሲል ሰውነቱ ላይ ያለው ንቅሳት የእስር ቤቱ ፕላን መሆኑን ታያለህ። ይሄን አይቶ የሚተኛ የ5 ኪሎ ተማሪ አላገኘሁም። ስለ ወንድም ነዋ! እኛ አገር ወንድሙ ታስሮ ስንቅ ያላመላለሰ፣ ወይም ሲያመላልስ ያላየ ማን አለ?

ሱቁን ከተውኩ በኋላ ስኩዊድ ጌም የሚባለው የኮሪያ ድራማ መጣ፤ እ.ኤ.አ. በ2021። ሰዎች ለገንዘብ ብለው የልጆች ጨዋታ ይጫወታሉ፤ የተሸነፈ ይገደላል። ሰው ሁሉ የሚያነሳው ትልቋን አሻንጉሊትና ጥይቱን ነው። የመጀመሪያውን ክፍል እንደገና ተመልከቱት። አሻንጉሊቷ የምትመጣው መጨረሻ አካባቢ ነው። ከዚያ በፊት የምናየው ዕዳ ውስጥ የተዘፈቀ አባት ነው። ለልጁ የልደት ስጦታ ብሎ ከማሽን ያወጣው ነገር ሲከፈት የሽጉጥ ቅርጽ ያለው ላይተር ሆኖ ይገኛል። መጀመሪያ ሰውየውን አሳወቁን። ጨዋታው ከዚያ በኋላ ነው የጀመረው። ሳናውቀው ቢተኮስበት ምን ገዶን?

የኛ ድራማ ሰው የማይይዘው ገንዘብ ስለሌለ ነው የሚለውን መልስ አልቀበልም። ጎማ የሚጠርግ መምህር ለማሳየት ስንት ብር ይፈልጋል?

እናቴ ለዚህ ምስክር ናት። ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ሲጀመር የቱርክ ድራማ ቤታችን ገባ። ያን ጊዜ አርቲስቶቻችን ሥራችንን ሊያሳጣን ነው ብለው ቅሬታ አሰሙ። ሥጋታቸው ይገባኛል። ግን እማዬ ቡና እያፈላች ስትከታተል አጠገቧ ተቀምጬ አስተውያታለሁ። ስለ ባሕሩ፣ ስለ ቤቱ ማማር አንድም ቀን አላወራችም። የምትለው አንድ ነገር ነው። «አሁን ይቺ ልጅ ምን ልትሆን ነው?» ረከቦቱ ላይ ስኒ ይዛ ትቆማለች። ጀበናው ይገነፍላል። ድምፁን የሚሰጡት እዚሁ አዲስ አበባ ያሉ የኛ ልጆች ናቸው፤ አማርኛው አማርኛችን ነው። እማዬን የያዛት ግን ያቺ ጥያቄ ነበረች።

ይሄን ጥያቄ መፍጠር እኛም እንችልበታለን። «ሰው ለሰው» የተባለው ድራማ ይታይ የነበረ ጊዜ ሰፈራችን ጭር ይል ነበር። ክፉውን አስናቀን ሆኖ የተጫወተው አበበ ባልቻ ብቅ ሲል እማዬ ቴሌቪዥኑን ትገስጸዋለች። «ምን ልታዘዝ» የተባለው ድራማ አንዲት ካፌ ብቻ ነበረችው። ካፌዋ አገር መሆኗን ለመረዳት ግን ብዙ ማየት አላስፈለገንም። እረኛዬ በአርትስ ቲቪ ሲጀመር ደግሞ ስልካችንን ያስቀመጥንበት ጊዜ ነው። አዜብ ወርቁ፣ ቤዛ ኃይሉ እና ቅድስት ይልማ ገጠሩን ሲጽፉት ቋንቋው ራሱ ጎትቶ ያስቀምጥ ነበር። የገጠር ዘመድ የሌላቸው የግቢያችን ልጆች ሳይቀሩ ቃላቱን እየለቀሙ ይነጋገሩበት ነበር።

ታዲያ ዛሬ የሚጀመሩ ብዙ ድራማዎች ክፍል አንድ ላይ ምን ያደርጋሉ? በቅርቡ ያየሁትን ልንገራችሁ። ስሙንም ጣቢያውንም አልጠራም። መጀመሪያ የስፖንሰሮች ስም ዝርዝር። ቀጥሎ ሙሉ ዘፈን። ከዚያ ድሮን ከተማዋን ከላይ ያሳየናል፤ ፎቅ፣ ቀለበት መንገድ፣ ፎቅ። ከዚያ መኪና ግቢ በር ላይ ይቆምና ጡሩምባ ይነፋል። ዘበኛው በሩን ይከፍታል። መኪናው ይገባል። ዘበኛው በሩን ይዘጋል። ሰውየው ይወርዳል፣ ይቆልፋል፣ ደረጃ ይወጣል። ሳሎን ውስጥ ትልቅ ሶፋ ላይ እህቱ ተቀምጣለች። «እንደምታውቂው አባታችን ከሞተ ሦስት ዓመት ሆነው» ይላታል። ካወቀች ለምን ይነግራታል? ለኛ ነው የሚነግረን። በዚህ መሐል ማስታወቂያ ገባ። ከማስታወቂያው ስንመለስ እህት ስልክ እያወራች ነበር። ወዲያው «ይቀጥላል» አለ።

እማዬ ፊቷን ወደኔ መልሳ «አለቀ?» አለችኝ። በሚቀጥለው ሳምንት አላየችውም። ያ ድራማ በኋላ ጥሩ ሆኗል ሲሉ ሰምቻለሁ። ምናልባት እውነት ነው። እሷ ግን የለችም።

የሚያሳዝነኝ ይሄ ነው። በዚያ ድራማ ላይ የሚለፉ ጎበዝ ተዋንያን አሉ። ካሜራ ተሸክመው በፀሐይ የሚቆሙ ልጆች አሉ። ጽሑፉ ውስጥም አንድ ጥሩ ነገር ነበር። አባትየው ከመሞቱ በፊት ለዘበኛው የሰጠው ቁልፍ። ይሄን ያወቅሁት ከጎረቤት ነው፤ ክፍል አምስት ላይ ነው አሉ የመጣው። እኔ ብሆን በሱ እጀምር ነበር። ዘበኛው ቁልፉን በሶክስ ውስጥ ደብቆ በሩን ሲከፍት። ያን ጊዜ እማዬ ስኒ ይዛ ትቆም ነበር።

ድራማ ላይ የሚሠራ ጓደኛዬን ይሄን ሁሉ አንስቼ ጠየቅሁት። «አንተ ምን አለብህ» አለኝ። ብዙ ጊዜ ስፖንሰር የሚያፈላልገው ፕሮዲውሰሩ ራሱ ነው። ስፖንሰሩ ስሙ ከፊት እንዲጠራ ይፈልጋል። ክፍል አንድ ሲተላለፍ ክፍል አራት ገና እየተጻፈ ነው። ወደ ኋላ ተመልሶ የሚያርም ሰው የለም። ጊዜም የለም። ነገሩ ገባኝ። ግን መውጫ የሌለው አይመስለኝም።

ውጭ አገር ፓይለት የሚሉት ነገር አለ። ሙሉው ሳይሠራ አንድ ክፍል ብቻ ይቀረጽና ይታያል። ካልሆነ ይጣላል፤ ወይም እንደገና ይሠራል። ጌም ኦፍ ትሮንስን ሁሉም ያውቀዋል። የመጀመሪያው ክፍል እ.ኤ.አ. በ2009 ተቀርጾ አልተሳካም። አብዛኛውን እንደገና ቀረጹት፤ አንዳንድ ተዋንያንን ሳይቀር ቀየሩ። ለሕዝብ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ያንን ክፍል ስጭን ይሄን አላውቅም ነበር። መጨረሻው ላይ ሕፃኑ ልጅ ከመስኮት ሲገፈተር ያየ ሰው ግን በማግሥቱ በሬ ላይ ነበር።

እኛ እንደነሱ ገንዘብ የለንም። ሁለት ጊዜ መቅረጽ ይከብዳል። ጽሑፉን ግን ሁለት ጊዜ መጻፍ ይቻላል። ክፍል አንድን በወረቀት ይዞ አሥር ሰው ሰብስቦ ማንበብ ይቻላል። አንብቦ ሲጨርስ «ከዚያስ?» የሚል ሰው ካልተገኘ ካሜራ አለማውጣት ይቻላል። ጣቢያዎችም አንድ ውለታ ሊውሉልን ይችላሉ። ለአንድ ቀን፣ ለክፍል አንድ ብቻ፣ ስፖንሰሩን መጨረሻ ላይ አድርጉልን። ተመልካች ከተያዘ ክፍል ሁለት ላይ ማስታወቂያውንም ቁጭ ብሎ ያያል። ስፖንሰሩም የሚፈልገው ይሄንኑ አይደል?

እናንተን ደግሞ የምለምነው አለኝ። ስለ ድራማ ስትጽፉ ባብዛኛው ተዋናይዋ ምን ለበሰች፣ ማን ከማን ጋር ተጣላ ነው። አዲስ የአማርኛ ድራማ በተጀመረ ቁጥር ክፍል አንድን ብቻ ይዛችሁ በቁም ነገር ጻፉ። የት ላይ ያዘን? የት ላይ ለቀቀን? ደራሲው ያንብበው። ፕሮዲውሰሩም ለስፖንሰሩ ያሳየው። እንዲህ ዓይነት ጽሑፍ በየወሩ አንድ ቢወጣ እኔ ቆርጬ አስቀምጠዋለሁ።

ጋዜጠኛ ብትልኩ ደግሞ ደስ ይለኛል። ከቢሮ ሆኖ ከሚያይ ከሰው ጋር ቁጭ ብሎ ይይ። ቤታችን ከድል ሐውልቱ ሩቅ አይደለም። ቴሌቪዥኑ እማዬ ክፍል ነው። አዲስ ድራማ የሚጀመር ቀን የግቢው ሰው ሁሉ እዚያው ነው። እማዬን ምንም መጠየቅ አያስፈልገውም፤ እጇ ላይ ያለውን ስኒ ብቻ ይመልከት። ቡናው ሦስተኛ ድረስ አለ።

አክባሪያችሁ፣
የዘወትር አንባቢያችሁ
ከ4 ኪሎ