አባዬ፣ ሳንቃው ማገዶ አይሆንም

አባዬ፣ እንዴት ሰነበትክ? የአዲስ አበባ ብርድ አስቸገረህ? ድሬ እንደምታውቃት ናት፣ ከሰዓት በኋላ ሁሉም ጥላ ፍለጋ ነው።

የምጽፍልህ ስለዚያ ሳንቃ ነው። ምድር ባቡር እያለህ አሮጌው ፉርጎ ሲፈርስ ለምነህ ያመጣኸው፣ አበባ የተቀረጸበት። እህቴ «ለማገዶ ስጠውና ጓሮው ይጽዳ» ብላኛለች። አልሰጥም። ምስጥ እንዳይደርስበት ሳሎን አስገብቼዋለሁ፣ እሷን አንተ አግባባልኝ።

ሰሞኑን ኦሎምፒክ ስለምትባል መርከብ ሳነብ ነው ነገሩ የከነከነኝ። የታይታኒክ ታላቅ እህት ናት። ቤልፋስት ተሠርታ በፈረንጆች 1911 መንገደኛ መጫን ጀመረች። ታናሿ ገና በመጀመሪያ ጉዞዋ ስትሰጥም ይቺ በእንፋሎቷ እስከ 1935 ሠራች፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወታደር አመላለሰች፣ 1918 ላይ ደግሞ የጀርመን ሰርጓጅ መርከብ ገጭታ አሰጠመች፣ የመንገደኛ መርከብ ሆና እኮ! በኋላ ለብረቷ ተሸጠች። የውስጧ ጌጥ ግን በጨረታ ወጣ። አንዳንዱ ሳንቃ ዛሬም እንግሊዝ አገር፣ አልንዊክ ከተማ፣ ኋይት ስዋን የሚባል ሆቴል ግድግዳ ላይ አለ።

አንተን የሚያስደስትህ ሰዓቱ ነው። የአንደኛ ማዕረግ ትልቁ ደረጃ ላይ የነበረ፣ ከኦክ እንጨት የተቀረጸ፣ መሀሉ ሰዓት፣ ግራና ቀኙ ሁለት ሴቶች። ሴቶቹ ክብርና ዝና ናቸው፣ ለጊዜ ዘውድ ሲደፉለት ነው አሉ። አሁን ሳውዝሃምፕተን፣ ሲሲቲ ሙዚየም ውስጥ ነው። ፎቶውን በቴሌግራም ልኬልሃለሁ፣ መነጽርህን አድርግና የቀሚሳቸውን እጥፋት እይልኝ። እንጨት ነው ብሎ ማን ያምናል? ሦስተኛ ማዕረግ የተሳፈረው ግን ወደዚያ ደረጃ ዝር አይልም ነበር። ይሄ ነገር ትንሽ አናደደኝ።

ያንተስ ሳንቃ ከስንተኛ ማዕረግ ፉርጎ ነው? እንጨቱስ ምንድን ነው? ማን እንደቀረጸው ሰምተህ ከነበረ በድምፅ ቅዳና ላክልኝ፣ እኔ ጽፌ ጀርባው ላይ እለጥፈዋለሁ። የመርከቧ ዕቃ ከየት እንደመጣ የሚታወቀው ሰው ስለመዘገበው ነው፣ የእኛን ግን ካንተ በቀር የሚያውቅ የለም።

ደግሞ አንድ ጥያቄ። ቫርኒሹ ተላልጧል። ብርጭቆ ወረቀት ልምታው ወይስ በዘይት ብቻ ልወልውለው? ሠፈር ያለው አናጢ «ምታው» ይላል፣ እኔ አላመንኩትም። አንተ ሳትነግረኝ አልነካውም።