የኦርኬስትራ መሪ እጅ ከትንፋሽ ይነሳል

ክቡር አዘጋጅ፣

በደሴና በኮምቦልቻ ኦርኬስትራ መምራት የሚለማመዱ ልጆች ቶሎ የሚይዙት አራት ምቱን ነው፤ ወደ ታች፣ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ፣ ወደ ላይ። ከባዱ ከዚያ በፊት ያለው የመነሻ ምልክት ነው። መሪው ትንፋሹን እየሳበ እጁን ሲያነሳ አንድ ሙሉ ምት መፍጀት አለበት፣ ያውም ዜማው በሚሄድበት ፍጥነት። እዚህ ከተጣደፈ ገሚሱ ተጫዋች ይቀድማል፣ ገሚሱ ይዘገያል።

ክንድ ከትከሻ ሲወዛወዝ ምቱ ይሰፋል፣ ፍጥነቱም ይጎተታል። ግራ እጅ ቀኙን ብቻ ከተከተለ ድምፅ የሚያጎላ፣ የሚያለሰልስ፣ መግቢያ የሚሰጥ እጅ የለም ማለት ነው። በባቲ ቅኝት የተሠራ ፈጣን የ6/8 ዜማ (በአንድ ዙር ስድስት አጫጭር ምት ያለው) ደግሞ በሁለት ምት ይመራ፤ ስድስቱን መምታት እጅን ያደናቅፋል።

መምህራን እባካችሁ፣ ልጆቹን በተቀዳ ሙዚቃ ብቻ አታለማምዷቸው። ቅጂ ለእጅ አይታዘዝም፤ ሁለት ሰው ቢሆንም በአካል ይጫወትላቸው።

ከደሴ