ስለ ጎርፍ ካርታና ስለ ኢንሹራንስ ክፍያዎ

ውድ ደንበኞቻችን፣

ብዙዎቻችሁ «የጎርፍ ካርታው ሲታደስ ክፍያዬ ይቀንሳል ወይ?» ብላችሁ ትጠይቁናላችሁ። እውነቱን ለመናገር፣ ካርታው ብቻውን ዋጋ አይቀንስም። እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 2021 ወዲህ የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት የጎርፍ ኢንሹራንስ ዋጋ የሚወጣው ካርታው ለሰፈሩ በሚሰጠው የዞን ፊደል አይደለም። የሚታየው ቤቱ ከውሃ ያለው ርቀት፣ ከፍታውና መልሶ ለመሥራት የሚፈጀው ገንዘብ ነው።

ካርታው የሚወስነው ግዴታውን ነው። ቤትዎ በኤ ወይም በቪ በሚጀምር ዞን ውስጥ ከሆነና ብድርዎ በፌዴራል መንግሥት የሚደገፍ ከሆነ፣ የጎርፍ ኢንሹራንስ መግዛትዎ አይቀርም። በነዚህ ዞኖች በየዓመቱ ቢያንስ 1 በመቶ የጎርፍ ዕድል አለ። ትንሽ ይመስላል። በ30 ዓመት ሞርጌጅ ሲሰላ ግን 26 በመቶ ገደማ ይደርሳል።

ካርታ ሰፈሩን በጅምላ ስለሚያይ፣ ጉብታ ላይ ያለ ቤትም ከጎረቤቶቹ ጋር አብሮ ካርታው ላይ የጎርፍ ዞን ቀለም ይቀባል። እንዲህ ከሆነብዎ ቤትዎን ከዞኑ የሚያስወጣ የካርታ ማስተካከያ ደብዳቤ (ሎማ የሚሉትን) እንዲሰጥዎ ለፌማ፣ ማለትም ለፌዴራሉ የአደጋ ጊዜ አስተዳደር መሥሪያ ቤት፣ ማመልከት ይችላሉ። ፌማ አያስከፍልም፤ ከፍታውን የሚለካው የመሬት ቀያሽ ግን ያስከፍላል። ቀያሹ ቤትዎን ዞሮ አፈሩ ግድግዳውን የሚነካበትን ዝቅተኛ ቦታ ይፈልጋል። ሳሎንዎ ምን ያህል ከፍ ቢል ለዚህ አይቆጠርም፤ የጓሮው ደረጃ ሥር ያለችው ጎድጓዳ ልትጥልዎ ትችላለች። ያ ነጥብ ካርታው ላይ ካለው የጎርፍ ከፍታ እኩል ወይም በላይ ከሆነ አለፉ ማለት ነው። ሰነዱ ከተሟላ መልሱ አብዛኛውን ጊዜ በ60 ቀን ውስጥ ይመጣል። አፈር ተሞልቶ ከፍ የተደረገ ግቢ ግን ሌላ መንገድ አለው፤ ክፍያም አለበት።

ሎማው ባይሳካም ድካሙ ከንቱ አይሆንም። ቀያሹ የከፍታ ሰርተፊኬት ሲሠራልዎ ይላኩልን። ፌማ የሚጠቀምበት ዋጋዎን የሚቀንስልዎ ከሆነ ብቻ ነው፤ ስለዚህ አይጎዳዎትም። እኛ ግን ቀያሽ ከመቅጠርዎ በፊት አድራሻዎን ይስጡን እንላለን። ካርታውን አይተን የማያዋጣ ከሆነ «ገንዘብዎን አያባክኑ» እንልዎታለን።

ግዴታው ቢነሣልዎት እንኳ ባንክዎ በጽሑፍ ሳይለቅዎ ውሉን እንዳያቋርጡ። ባንኩ የራሱን ጥያቄ ይዞ ሊቀጥል ይችላል። መደበኛው የቤት ኢንሹራንስ ደግሞ ጎርፍን አይሸፍንም። ዳመናው ሲጠቁር እንደገና ልግዛ ቢሉ፣ በአብዛኛው 30 ቀን ይጠብቃሉ።

ከአክብሮት ጋር፣
የኢንሹራንስ ወኪሎችዎ