ለሳሙና የሚሆን ዘይትና ሞራ

ሰላም፣ በሐዋሳ የምትገኙ የሳሙና ሥራ ቡድናችን አባላት፤

የኑግ ዘይት ቤት ውስጥ ስላለ ብቻ ዋና ግብዓት አታድርጉት። ኑግም ሆነ ሱፍ ሊኖሌይክ አሲድ (በአየር ቶሎ የሚበላሽ የቅባት ዓይነት) ይበዛባቸዋል፤ ሳሙናው ይልፈሰፈሳል፣ ሲቆይም ብርቱካናማ ነጠብጣብ አውጥቶ ይሸታል። ሁለቱ ተደምረው ከጠቅላላው ቅባት 15 በመቶ አይለፉ።

ለ1 ኪሎ ቅባት የምንመክረው፦ ቀልጦ የተጣራ የበሬ ሞራ 600 ግራም፣ የኮኮናት ዘይት 250፣ የሱፍ ዘይት 150፤ ንጹሕ ኮስቲክ ሶዳ (ቅባቱን ወደ ሳሙና የሚለውጠው ኬሚካል) 142፣ ውሃ 300 ግራም። ሞራው ያጠነክራል፣ ኮኮናቱ አረፋ ይሰጣል። በዚህ ልክ 5 በመቶ ያህሉ ቅባት ሳይለወጥ ስለሚቀር ቆዳ አይጎዳም።

ዘይት ከቀየራችሁ ሶዳውን እንደገና አስሉ! ኮኮናቱን በሱፍ ተክታችሁ 142 ግራሙን ብትጨምሩ ሶዳው ይተርፋል፤ ሳሙናው ያቃጥላል። ሁሉንም፣ ውሃውንም ጭምር፣ በሚዛን እንጂ በስኒ አትለኩ። ጓንትና መነጽር አድርጋችሁ ሶዳውን ወደ ውሃው ጨምሩ፤ ውሃውን ወደ ሶዳው በፍጹም።