ለእታለም፤ ስለ ገንዘቡ፣ ስለ እማዬ እግር እና ስለ ትምህርቴ

ሴንት ፖል፣ ሚኒሶታ
ኅዳር 2018 ዓ.ም

ውድ እታለም፣

እንደምን ሰነበታችሁ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ሰላምታውን አላስረዝመውም፤ የላክሽው የድምፅ መልእክት እንቅልፍ ነስቶኛል። «ለወንድምሽ ሠርግ የላክሽው ይህን ነው? ደግሞስ በዚህ ዕድሜሽ ደብተር ተሸክመሽ ልትመላለሺ ነው?» ብለሻል። በስልክ ልመልስልሽ ስሞክር መስመሩ እየተቆራረጠ ግማሹ ሳይደርስሽ ቀረ። ስለዚህ በጽሑፍ ይሁን። ለእማዬ የሚሆነውን አንብቢላት፤ የሚያስጨንቃትን እለፊው።

ገንዘቡ አንሷል። ከሐምሌ 2016 ወዲህ ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ አንድ ዶላር ከበፊቱ ከእጥፍ በላይ ብር እንደሚያወጣ አውቃለሁ። ጤፉና ዘይቱም አብሮ እንደናረ ካንቺው ስለሰማሁ በምንዛሪው ተከልዬ «አልቀነስኩም» አልልሽም። ቀንሻለሁ፤ የቀነስኩትም ለትምህርት ቤት ነው። የእማዬ የመድኃኒት ግን አልተነካም፣ አይነካምም። እሱን በየወሩ መጀመሪያ እንደተለመደው ከባንክ ታወጪያለሽ። ሌላው እስክመረቅ ድረስ ይሳሳል። ይህን ከሌላ ሰው አፍ ከምትሰሚው ከእኔ ስሚው።

«የሰው ገላ ለማጠብ ነው እዚያ ድረስ የሄድሽው?» ያልሽው ነገር ከሁሉም በላይ አሳምሞኛል። አዎ፣ ገላ አጥባለሁ። የነርስ ረዳት ነኝ፤ በሕጉ ቢያንስ 75 ሰዓት የሚሰጠውን ሥልጠና ወስጄ በአረጋውያን መጦሪያ ነው የምሠራው። በራሳቸው መገላበጥ የማይችሉትን በየሁለት ሰዓቱ በሌላ ጎናቸው እናስተኛለን፤ አለዚያ ቆዳቸው ይቆስላል። ባለፈው ዘጠና ያለፋቸው አንዲት እናት ሌሊቱን ትንፋሻቸው ሲያጥር እጃቸውን ይዤ አደርኩ። ልጆቻቸው ሩቅ ናቸው። ነርሷ መጥታ የልባቸውን ምት አዳመጠች፣ መድኃኒት ሰጠች፣ ለሐኪሙ ደወለች። እኔ ከእጃቸው በቀር የምይዘው አልነበረኝም። ባንክ ቤት ሳለሁ የሰው ሒሳብ ሳስተካክል ኖሬያለሁ፣ ሥራዬንም እወደው ነበር፤ ግን እንደዚያ ሌሊት «የበለጠ ባውቅ ኖሮ» ብዬ አላውቅም። በዚያው ሳምንት ኮሌጁ ሄጄ ጠየቅኩ።

አባዬ ነፍሱን ይማረውና ስለ ልዕልት ፀሐይ ሲያወራ ትዝ ይልሽ የለ? የንጉሠ ነገሥቱ ልጅ ሆና ሳለ፣ በጣሊያን ወረራ ጊዜ እንግሊዝ አገር ተሰድደው በነበረበት ዘመን፣ ለንደን በግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ነርስነት ተማረች። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1939 ተመርቃም በሙያዋ ሠራች። እሷም በስደት ነበር የተማረችው። እሷ ያልናቀችውን ሙያ እኔ የምንቅበት፣ አንቺም የምትንቂብኝ ምክንያት አይታየኝም።

ዕድሜዬን በተመለከተ 42 ዓመቴ ነው። ክፍል ውስጥ ከእኔ የሚበልጡም አሉ፤ አስተማሪ የነበሩ፣ ሾፌር የነበሩ። ያስጨነቀኝ ዕድሜው ሳይሆን የመንገዱ ብዛት ነው።

እዚህ በሌላ ሙያ የመጀመሪያ ዲግሪ ላለው ሰው «የተፋጠነ» የሚሉት ትምህርት አለ፤ ከ12 እስከ 18 ወር ባለው ጊዜ የነርስነት ባችለር ዲግሪ ያስይዛል። መጀመሪያ ስሰማ ልቤ ተሰቅሎ ነበር። ነገር ግን ትምህርቱ ሙሉ ቀን ነው፤ ትምህርት ቤቶቹ ራሳቸው «እየሠራችሁ አትሞክሩት» ይላሉ። ክፍያው ከባድ ነው፤ ፔል የሚባለው የመንግሥት ነፃ ድጋፍ ደግሞ ዲግሪ ላለው ሰው አይሰጥም። ከባሕር ዳር የመጣም ዲግሪ እንደ ዲግሪ ይቆጠራል። ስለዚህ በብድር ገብቶ፣ ሥራ ትቶ መቀመጥ ነው። ያን ያህል ጊዜ ደመወዝ ባይኖረኝ የእማዬን ኢንሱሊን ማን ይገዛል? ይህን ጥያቄ ስጠይቅ የተፋጠነው ነገር አለቀለት።

አንድ ዓመት ገደማ የሚፈጅም አለ፤ ኤል ፒ ኤን ይሉታል፣ ዝቅ ያለው የነርስ ደረጃ ነው። ቶሎ ሥራ ያስይዛል፤ ደመወዙም ከአሁኑ የእኔ ይሻላል። ነገር ግን የሥራው ወሰን ጠባብ ነው፤ በሌላ ነርስ ወይም በሐኪም ቁጥጥር ሥር ነው የሚሠራው። እንደገና ተመልሼ ልማር ማለቴ ስለማይቀር አንድ ጊዜ ልጨርሰው ብዬ ተውኩት።

የመረጥኩት በኮሚዩኒቲ ኮሌጅ የሚሰጠውን የሁለት ዓመት ትምህርት ነው። ይህን ነገር እዚያ ያሉ ሰዎች «ዝቅ ያለ ነው» እንዳይሉሽ በደንብ ላስረዳሽ። የሁለት ዓመቱንም የአራት ዓመቱንም የጨረሰ ሰው የሚቀመጠው ለአንድ የነርስነት ፈቃድ ፈተና ነው፤ ኤንክሌክስ ይባላል። በኮምፒውተር ነው የሚሰጠው። በትክክል ስትመልሺ ጥያቄው ይከብዳል፣ ስትሳሳቺ ይቀልላል። ቢያንስ 85፣ ቢበዛ 150 ጥያቄ በአምስት ሰዓት ውስጥ። ያለፈ ሁሉ አር ኤን፣ ማለትም ሙሉ ፈቃድ ያለው ነርስ ነው፤ ፈቃዱ ላይ ልዩነት የለም። እርግጥ ትልልቅ ሆስፒታሎች ባችለር ያለውን ያስቀድማሉ። የኒው ዮርክ ግዛትማ በ2017፣ በእነሱ አቆጣጠር፣ አዲስ ነርሶች በ10 ዓመት ውስጥ ባችለር እንዲይዙ በሕግ ደንግጓል። እሱንም አስቤበታለሁ፤ ፈቃዴን ይዤ እየሠራሁ ቀሪውን በኢንተርኔት እማራለሁ። ከፊሉን ክፍያ የሚሸፍን አሠሪ አለ። የነርስ ደመወዝ እያገኘሁ መማርና በብድር መማር አንድ አይደሉም።

አቋራጭ ያሳየኝ ሰውም አልጠፋም። አንድ የአገራችን ልጅ «ብዙ ሳትደክሚ ወረቀቱን የሚሰጡ አሉ» አለኝ። እታለም፣ በ2015 ዓ.ም ጥር ወር የአሜሪካ መንግሥት ፍሎሪዳ ውስጥ ከ7,600 በላይ ሐሰተኛ የነርስነት ዲፕሎማ እንደተሸጠ ይፋ አድርጎ 25 ሰዎችን ከሷል። በዚያ ወረቀት ሰው አልጋ አጠገብ ቆመው መድኃኒት የሰጡ ነበሩ። የእማዬን መርፌ እንዲህ ያለ ሰው ቢወጋትስ? ስለዚህ ትምህርት ቤት ስመርጥ አስቀድሜ የጠየቅኩት የግዛቱ የነርሶች ቦርድ ያጸደቀው መሆኑን ነው። ቀጥዬም ከተመራቂዎቹ ስንቱ ፈተናውን በመጀመሪያው እንዳለፉ አየሁ፤ ቦርዱ ለሕዝብ ያወጣዋል።

ክረምቱን የጠፋሁባችሁም ለዚህ ነው። የሒሳብ አያያዝ ዲግሪዬ ስታትስቲክሱንና አንዳንዱን ነገር አቃለለልኝ እንጂ የሰውነት ክፍሎችንና ማይክሮባዮሎጂን ከነላቦራቶሪያቸው ወደ ነርስነቱ ከመግባቴ በፊት መማር ነበረብኝ። 206ቱን አጥንት በአውቶቡስ ውስጥ ነው ያጠናሁት። ተረከዝ ላይ ስደርስ ግን ማጥናቱን ትቼ የእማዬን እግር አስባለሁ።

እስቲ አሁን ስለ እሷ እግር በደንብ ስሚኝ። «ትንሽ ቁስል ናት፣ ሳታውቀው ነው የወጣችው» ያልሽው ነው ያስደነገጠኝ። ስኳር ሲቆይ የእግርን ነርቭ ይጎዳል፤ ብትቆስል፣ ብትቃጠል አይሰማትም። ስለዚህ ማታ ማታ መብራት አጠገብ አስቀምጠሽ ውስጥ እግሯን፣ ተረከዟን፣ በጣቶቿ መካከል ያለውን ሁሉ እዪ። ለብ ባለ ውኃ እጠቢያት፤ ሙቀቱን ግን አንቺ በክንድሽ ለኪው፣ እሷን አትጠይቂያት። በጣቶቿ መካከል በደንብ አድርቂላት። ጥፍሯን በምላጭ እንዳትነኪ። ብርድ ሲሆን እግሯን ወደ ከሰሉ ማስጠጋት እንደምትወድ አውቃለሁ፤ ከልክያት። ጊዮርጊስ ስትስም ጫማ ማውለቋ አይቀርም፤ ወፍራም ንጹሕ ካልሲ አድርጋ ትግባ፤ ስትመለስ ካልሲውን ገልብጠሽ ደም ወይም እርጥበት መኖሩን እዪ። ያቺ ቁስል እስክትደርቅ ሳትጠብቂ ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል ወስደሽ አሳዪልኝ፤ «ነገ፣ ከነገ ወዲያ» አትበዪ። ነጭ ካልሲ ላኪልኝ ካልሽ ዛሬውኑ እልካለሁ።

ጾሙንም ንገሪያት። መርፌ የምትወጋ ሰው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባዶ ሆዷን ብትውል ስኳሩ ወርዶ ይጥላታል። የንስሐ አባቷን ጥሪያቸውና ከሐኪሙ የተባለውን ንገሪያቸው። እሳቸው «ብዪ» ካሏት ትበላለች፤ የእኔንና ያንቺን ቃል እንደማትሰማ እናውቃለን።

ደሳለኝ እንዴት ነው? ሙሽራ ሊሆን! ጀርባዬ ላይ አዝዬው ሐይቁ ዳር ያዞርኩት ልጅ። ሙሽሪት የዘጌ ልጅ መሆኗን ስሰማ ደስ አለኝ፤ በሬ ከማይጠመድበት፣ ቡናው ከዛፉ ሥር ከሚለቀምበት አገር ሰው ወደ ቤታችን ሊመጣ ነው። ሙሽሪትን በጀልባ ነው የምታመጧት ወይስ በመኪና ዞራችሁ? በጀልባ ካላችሁ እባካችሁ ጠዋት ይሁን፤ ከሰዓት ነፋሱ ሲነሣ ጣና አይታመንም። ሚዜዎቹ እነማን ናቸው? ጠላውን ማን ይጠምቃል? አንቺ ብቻሽን እንዳትሸከሚው። እትዬ ጥሩወርቅን ለምኛት፤ ጌሾውን እንደ እሷ የሚያውቅ የለም። እማዬ የት ትቀመጣለች? ዳሱ ውስጥ ከነፋስ የራቀ ቦታ አዘጋጁላት፤ ስትዘፍኑ ተነሥታ ልትጨፍር ነው፣ ጫማዋን እንዳታወልቅ።

እኔ አልመጣም። ትምህርቱ የሚጀምረው ሠርጉ በሚሆንበት በዚያው በጥር ወር ስለሆነ ገና ሳልጀምር ቦታዬን ላጣ አልችልም። ደሳለኝን ለብቻው ደውዬ እነግረዋለሁ፤ አንቺ አትንገሪው።

ይህ አገር የሐይቅ አገር ነው፤ መኪናቸው ሰሌዳ ላይ ሳይቀር «10,000 ሐይቆች» ብለው ይጽፋሉ። ከቤቴ ትንሽ ራቅ ብሎም አንድ አለ። አሁን ዳር ዳሩ መርጋት ጀምሯል፤ ትንሽ ቆይቶ ሰው ይራመድበታል፣ ብርዱ ሲጠና መኪና ይነዱበታል። ታንኳ የለ፣ ደንገል የለ፣ ቆሮሶ ዓሣ የሚጠብስ የለ። መጀመሪያ ሰሞን እየሄድኩ እቆም ነበር፤ አሁን በሌላ መንገድ ነው የማልፈው። እንዲህ ስልሽ ደግሞ ከፍቶኛል ብለሽ እንዳታለቅሺ፤ ሙቅ ቤት አለኝ፣ ወፍራም ካፖርት አለኝ፣ በልቼ አድራለሁ። የሌሊት ፈረቃ የምሠራውም ወድጄ ነው፤ ቀን ለትምህርት እንዲመቸኝ።

እታለም፣ እማዬን ስታጥቢ፣ ስታበይ፣ ሌሊት ተነሥተሽ ስታያት የኖርሽው አንቺ ነሽ። እኔ ለማላውቃቸው እናቶች በደመወዝ የማደርገውን አንቺ ለእናታችን ያለ ደመወዝ ታደርጊዋለሽ። ይህን ሳስብ ገንዘቡ ቢበዛም ቢያንስም አፌን ሞልቼ የምናገርበት አንጀት የለኝም። ቢሆንም ትምህርቱን አልተውም። አንቺም «ተይው» አትበዪኝ።

የሚመጣ ሰው አግኝቻለሁ፤ ከገና በፊት ይነሣል። ለእማዬ ጫማ ልልክ ስለሆነ እግሯን ወረቀት ላይ አቁሚያትና ዙሪያውን በእርሳስ አስምሪ፤ ሁለቱንም እግር፣ ምክንያቱም አንዱ ሊበልጥ ይችላል። ከሰዓት በኋላ ይሁን፤ እግር ሲውል ያብጣል። ርዝመቱንና የሰፊውን ቦታ ወርድ በሴንቲ ሜትር ጻፊና ፎቶውን ላኪልኝ። የቁስሏንም ፎቶ ጨምሪ፤ በቀን ብርሃን ይነሣ።

እህትሽ
ሙሉ