ለዳዊት፣ ስለ ወንድምህ ውጤት

ይድረስ ለውድ ጓደኛዬ ለዳዊት፤

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? ተጠፋፍተን ከረምን። ዝምታውን የሰበረው የታናሽ ወንድምህ የፓቶሎጂ ውጤት መሆኑ አሳዝኖኛል፤ ለእኔ መጻፍህ ግን ደስ አሰኝቶኛል። ያ ኳስ ሲያባርር የማውቀው ልጅ 34 ዓመት ሞላው ማለት ነው? የመጥፋታችንን ወቀሳ ስንገናኝ እናወራርደዋለን፤ አሁን ወደ ጉዳዩ ልግባ።

የወንድምህ አንድ የዘር ፍሬ በቀዶ ሕክምና ወጥቶ ውጤቱ «ንጹሕ ሴሚኖማ»፣ ማለትም አንድ ዓይነት የዘር ፍሬ ካንሰር፣ ተብሏል፤ አንተም «በመርፌ ናሙና ሳይወስዱ እንዴት ሙሉውን ያወጣሉ?» ብለህ ተቆጥተሃል። ጡት ወይም ጉበት ቢሆን ኖሮ እኔም እቆጣ ነበር። የዘር ፍሬ ሕጉ ሌላ ነው። አልትራሳውንድ ካንሰር የሚያስጠረጥር ጠጣር እብጠት ካሳየ በቆለጡ ከረጢት በኩል መርፌ አይገባም፤ የካንሰር ሕዋሳት በመርፌው መንገድ ሊዘሩ ይችላሉና። በዚያ ላይ የዘር ፍሬው ሊምፍ የተባለው ፈሳሽ የሚሄደው ሆድ ውስጥ፣ ከጀርባ አጥንት ፊት ለፊት ወዳሉት ንፍፊቶች ነው፤ የከረጢቱ ቆዳ ሊምፍ ደግሞ ወደ ብሽሽት ይሄዳል። ከረጢቱን የወጋ ሰው ለበሽታው ሁለተኛ መንገድ ሊከፍትለት ይችላል። ስለዚህ ቀዶ ሐኪሙ በብሽሽት ገብቶ፣ ደም ሥሮቹንና የዘር ቱቦውን የያዘውን ገመድ ከላይ አስሮ ሙሉውን ማውጣቱ ትክክል ነው።

ቀጥሎ ያለውን ሥራ ማንም አያየውም፤ እኔ ግን ፓቶሎጂስት ሆኜ የምውልበት ስለሆነ ላስረዝምብህ። የዘር ፍሬ ጠንካራ ነጭ ሽፋን ስላለው ሥጋው እንዳይበሰብስ የሚያደርገው ፎርማሊን በቀላሉ አይዘልቀውም፤ ትኩስ ሳለ ለሁለት ካልተሰነጠቀ መሀሉ ይበላሻል። እጢውን ከመንካታችን በፊት ግን ከገመዱ ጫፍ ናሙና እንወስዳለን። የሴሚኖማ ሕዋሳት እርስ በርስ አጥብቀው አይያያዙም፤ ቢላው ላይ ይቀራሉ። በዚያው ቢላ ገመዱን ብንቆርጥ ሕዋሳቱን ወደ ደም ሥሮቹ ጎትተን፣ ያልተዛመተውን በሽታ ተዛምቷል ብለን ልንጽፍ ነው። ከዚያ ከእጢው ለእያንዳንዱ ሴንቲ ሜትር ቢያንስ አንድ ቁራጭ ይወሰዳል፤ ደም የቋጠረ ወይም መልኩ የተለየ ቦታ ካለ እሱም አይታለፍም። ውጤቱ ዘገየ ያልከው ይኸው ነው።

ይህ ሁሉ ልፋት አንድን ቃል ለመጻፍ ነው፤ «ንጹሕ»። ንጹሕ ሴሚኖማ ማለት ሌሎቹ የዘር ፍሬ እጢ ዓይነቶች፣ ኤምብሪዮናል ካርሲኖማ፣ ዮክ ሳክ፣ ኮሪዮካርሲኖማና ቴራቶማ ተፈልገው አልተገኙም ማለት ነው። አንዳቸው በአንድ ጥግ ቢገኙ ሕክምናው ይለወጥ ነበር። በወንድምህ ደም ውስጥ አልፋ ፌቶፕሮቲን የተባለው ንጥረ ነገር ከፍ ብሎ ቢሆን ኖሮ ስላይዱን፣ በማይክሮስኮፕ የምናየውን ቁራጭ፣ አናምነውም ነበር፤ ንጹሕ ሴሚኖማ ያንን ንጥረ ነገር አያመነጭምና ተመልሰን ሌላ ቁራጭ እንወስዳለን። ቤታ ኤችሲጂ የተባለው ሆርሞን ጥቂት ከፍ ማለቱ አያስደንግጥህ፤ በአንዳንድ ሴሚኖማ ውስጥ የሚያመነጩት ትልልቅ ሕዋሳት ይኖራሉ። «በአካባቢው ቱቦዎች ውስጥ ኢን ሲቱ ታይቷል»፣ ማለትም ከቱቦው ያልወጣ፣ የሚለውም አዲስ ካንሰር አይደለም፤ እጢው የተነሣበት የቀድሞ ደረጃው ነው፤ ባናገኘው ነበር የምንገረመው።

ካንሰር ላይሆን ይችል ነበር ወይ ላልከው፣ አዎ፣ አንዳንድ ጊዜ ሌላ ሆኖ ይገኛል። ኤፒደርሞይድ የተባለ ካንሰር ያልሆነ ከረጢት መሰል እብጠት፣ የቲቢ ወይም ሌላ ብግነት፣ የዘር ፍሬው ተጠማዝዞ የሞተ ሥጋ። ከ60 ዓመት በላይ በሆነ ሰው ደግሞ መጀመሪያ የምጠረጥረው ሊምፎማን፣ የነጭ ደም ሕዋሳትን ካንሰር፣ ነው። የወንድምህ ስላይድ ግን፣ በጻፉት ገለጻ ልክ ከሆነ፣ አያሻማም፤ ጠርዛቸው የጎላ፣ ውስጣቸው የጠራ ትልልቅ ሕዋሳት፣ በመካከላቸው ነጭ የደም ሕዋሳት የሞሉባቸው ቀጫጭን ግድግዳዎች።

አሁን የሚቀረው ደረጃውን ማወቅ ነው። በሽታው ከዘር ፍሬው ካልወጣ ብዙ ጊዜ ያለ ተጨማሪ ሕክምና በቅርብ ክትትል ብቻ ይቆያል፤ ጥቂቶች ላይ ቢመለስም እንኳ አብዛኛው ይድናል። ሲስፕላቲን የተባለው መድኃኒት እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ከመጣ ወዲህ ተዛምቶ የተገኘውም ቢሆን በአብዛኛው የሚድን ነው። ኬሞቴራፒ ከታዘዘለት ግን ከመጀመሩ በፊት የዘር ፈሳሹን ስለማስቀመጥ ይጠይቅ፤ ይህን ለመጠየቅ ማፈር የለበትም። የቀረውን የዘር ፍሬም በየጊዜው በእጁ ይዳብስ።

የሆዱና የደረቱ ሲቲ ስካን እንደወጣ ላክልኝ፤ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ የተደገመውን የደም ምርመራም ጨምርበት። እናታችሁን ሰላም በልልኝ።

ወንድምህ