ማይግሬን አእምሮን ያስረጃል ከማለታችን በፊት

ለተከበሩ አዘጋጅ፦

ስለ ራስ ምታት ሕመሞችና ዕድሜ ሲገፋ ስለሚታየው የማሰብ አቅም መቀነስ ያወጣችሁት ጽሑፍ ጉዳዩን ማንሳቱ የሚያስመሰግን ቢሆንም፣ ማይግሬን (እየተመላለሰ የሚነሣ ብርቱ ራስ ምታት) ባለባቸው ሰዎች አንጎል የኤምአርአይ (በመግነጢስ የሚነሣ) ምስል ላይ የሚታዩትን ነጫጭ ነጥቦች የመርሳት ሕመም ምልክት አድርጎ ማቅረቡ ከማስረጃው አልፎ የሄደ ይመስለኛል።

በኔዘርላንድ ማይግሬን ያለባቸውንና የሌለባቸውን ሰዎች ለ9 ዓመት ያህል ተከታትሎ በ2012 (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) የታተመው ካሜራ የተሰኘ ጥናት፣ ነጥቦቹ ማይግሬን ካለባቸው ሴቶች በ77 በመቶው፣ ከሌለባቸው ደግሞ በ60 በመቶው ላይ መጨመራቸውን አሳይቷል። ሆኖም ይኸው ጥናት ከነጥቦቹ መጨመር ጋር የተያያዘ ጉልህ የማሰብ ችሎታ መዳከም አላገኘም። በዚያው ዓመት በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል የወጣውና 6,349 ሴቶችን ያካተተው የአሜሪካ ጥናትም፣ ማይግሬን ያለባቸው ሴቶች የማሰብ አቅም ከሌሎቹ ፈጥኖ እንዳልቀነሰ ዘግቧል። ሁለቱን ሳይጠቅሱ አንባቢን ማስፈራራት፣ ያውም በሕመሙ የሚሠቃየውን አንባቢ፣ ተገቢ አይደለም።

ጽሑፉ ሳይነካው ያለፈው ሌላ ነገር መድኃኒት ነው። ማይግሬንን ለመከላከል ከሚታዘዙት መካከል ቶፒራሜት የሚፈልጉትን ቃል ማግኘት ሊያስቸግር፣ አሚትሪፕቲሊንም በተለይ በዕድሜ የገፉ ሰዎችን ሊያደናግር ስለሚችል፣ እረሳለሁ የሚል ሕመምተኛ የሚወስደውን መድኃኒት ከሐኪሙ ጋር አስቀድሞ ቢፈትሽ ይበጃል። ከ50 ዓመት ዕድሜ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚጀምር ራስ ምታት ግን የተለየ ጉዳይ ነው፤ መንስኤው ዓይንን እስከ ማሳወር የሚደርስ የደም ሥር መቆጣት ሊሆን ስለሚችል ሳይዘገይ መመርመር አለበት።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አንባቢያችሁ